ከተራና የቤት ገንዳ፤ በደብረ ታቦር ደጋ የታቆረ ውሃና የሕፃናት ደኅንነት

የጥምቀት ዋዜማ፣ ጥር 10 ቀን፣ «ከተራ» ይባላል። ቃሉ «ከተረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ከተረ ማለትም የሚወርደውን ውሃ ገደበ፣ አገደ፣ እንዲጠራቀም አደረገ ማለት ነው። ስለዚህ የበዓሉ ስም ራሱ የአንድ ሥራ ታሪክ ይዟል። ትልቅ ወንዝ ወይም ሐይቅ በሌለበት የደጋ አገር፣ ታቦታቱ ከመውረዳቸው አስቀድሞ ሕዝቡ ወጥቶ ጅረቱን በድንጋይና በጭቃ ይገድበዋል፤ ውሃውም ተኝቶ ባሕረ ጥምቀት ይሆናል። በማግሥቱ ተባርኮ ሕዝቡ ከተረጨ በኋላ የግድቡ አገልግሎት ያበቃል፤ ውሃውም ወደ ቀድሞ መንገዱ ይመለሳል።

መዋኛ ገንዳ ከፈረንጅ አገር የመጣ ነገር ነው፣ አጠባበቁም ከዚያው ይማሩታል የሚል አነጋገር በተማሪዎች መካከል ብዙ ጊዜ ይሰማል። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ልናሳይ የምንፈልገው ነገሩ ከዚህ ለየት ያለ መሆኑን ነው። ሰው የሠራው የታቆረ ውሃ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነው በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ወራት ሙሉ ተኝቶ የሚቆይ ውሃ ነው። ቀድሞ ልጆችን ከታቆረ ውሃ የጠበቃቸው የውሃው ዕድሜ ማጠርና በዙሪያው የቆመው ሰው ብዛት ነበር። ውሃው ወደ ቤት በገባ ጊዜ ሁለቱም ቀሩ፤ በእነርሱ ስፍራ የተተካው ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ጥቂት ነው።

ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት እንበል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የየጁ ራሶች፣ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በየተራቸው ተቀምጠውባታል። በስተምሥራቋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ተራራ ይታያል፤ ጉማራና ርብ ከዚህ ተራራ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ አድርገው ጣና ይገባሉ። ስለዚህ የአንድ ወረዳ ልጅ በብርዱ ተራራ ላይ ከሚወለድ ምንጭ፣ የጎረቤቱ ወረዳ ልጅ ደግሞ ሙቀትና ደለል ካለበት ዝግ ያለ ወንዝ ይዋኛል። በደራ በኩል ጉማራ አጠገብ ያለው የዋንዛዬ ፍል ውሃ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ ሕመምተኛ ከሩቅ እየመጣ ይታጠብበታል። በአንድ አካባቢ ይህን ያህል የተለያየ ውሃ መኖሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በሽታውም አደጋውም እንደ ውሃው ይለያያልና።

ከደብረ ታቦር በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር ለሚገባ ሰው፣ ከተራ በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ሕንፃ አለ። ይኸውም በዐፄ ፋሲለደስ (ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም.) ስም የሚጠራው መዋኛ ነው። ገንዳው በቅጥር ተከቧል፤ በውስጡ በቅስቶች ላይ የቆመ ፎቅ ቤት አለ፤ ግንቡን የዛፎች ሥር ጨብጦ ይዞታል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውሃ ይገባበታል፤ ከቡራኬው በኋላ ወጣቶችና ልጆች እየዘለሉ ይዋኙበታል፤ ከዚያም ይደርቃል።

ይህን አሠራር ከሌላው ዓለም ታሪክ ጋር ስናነጻጽረው ያልጠበቅነውን ተመሳሳይነት አገኘን። በአውሮፓና በአሜሪካ ክሎሪን ከመለመዱ በፊት የሕዝብ መዋኛዎች የሚሠሩት ሞልቶ በመድፋት ነበር። ገንዳው በንጹሕ ውሃ ይሞላል፣ ለጥቂት ቀናት ይዋኙበታል፣ ከዚያ ተደፍቶ ይታጠባል። በእንግሊዝ አገር አንዳንዶቹ መዋኛዎች ውሃው እየቆሸሸ በሄደ ቍጥር የመግቢያውን ዋጋ ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ገንዘብ ያነሰው ሰው የሌላውን እድፍ ገዝቶ ይታጠባል ማለት ነው። በአሜሪካ በብራውን ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ አቆጣጠር 1910 ገደማ የመዋኛን ውሃ በክሎሪን ማከም ከተጀመረ በኋላ ነው አንዱን ውሃ ሳይደፉ ለረጅም ጊዜ መያዝ የተቻለው። እንግዲህ የጎንደሩ ገንዳ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሞላና የሚደፋ መዋኛ ነው። የገነቡት ሰዎች ስለ ተሕዋስያን ያውቁ ነበር አንልም፤ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ታሪክን ማስጌጥ ነው። ግን የሥርዓቱ ውጤት ውሃው ሳይበላሽ መሄዱ ነበር።

በዚህ ምክንያት የቀድሞው ሁሉ ደኅና ነበር ማለትም አይገባም። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚያው ገንዳ ዳር ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ቆስለዋል። ሕዝብ መብዛቱ የሚሰምጠውን ልጅ የሚያይ ዓይን ያበዛል፤ መቆሚያው ካልጠነከረ ደግሞ ራሱ ሕዝቡ አደጋ ይሆናል። ጥልቅ ገንዳ በታሰበ ጊዜ ዳር ዳሩም አብሮ መታሰብ አለበት።

ከገንዳው ወጥተን ልጆች በየቀኑ ወደሚዋኙበት ወንዝ ስንሄድ የምናገኘው ዋነኛ ጠላት ብልሃርዝያ ነው። በጣና ዙሪያ የሚገኘው ዓይነት እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ይገባል፤ ከዚያ በአንድ ዓይነት ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከቀንድ አውጣውም የሚወጣው እጭ በውሃ የቆመውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። በብርዱ ደጋ ቀንድ አውጣው አይመቸውም፤ ወደ ሐይቁ በተወረደ ቍጥር ግን ነገሩ ይከፋል። የጉና ሥር ልጅ ከብት ይዞ ወይም ዘመድ ሊጠይቅ ፎገራ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያደርገው ወንዝ መግባት መሆኑን ያገሩን ልማድ የምናውቅ ሁሉ እንመሰክራለን።

በዚህ በሽታ ላይ ታላቅ ስም ያተረፈው ግኝት የአገራችን ሰው ሥራ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። እንዶድ በእኛም ደጋ የታወቀ የልብስ ሳሙና ነው። በዐድዋ ለዓመታት በተደረገው ሙከራ በትናንሽ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው መጠን ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ መውረዱ ተዘግቧል። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ታዲያ እንዶድ ካለን ለመዋኛ ገንዳ እንጨምረው የሚል ሰው እንዳይነሣ አንድ ነገር እንጨምር፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ የገንዳን ውሃ ከባክቴሪያ የማንጻት ሥራም የእርሱ አይደለም። ለገንዳ የሚሆነው ሌላ ነው። ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ቀንድ አውጣ በሌለበት ስፍራ ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሳይገባበት ቢቆይ እጩ ይሞታል፤ ከቀንድ አውጣው ከወጣ በኋላ ዕድሜው ከዚያ አያልፍምና።

ውሃው ብዙ ሲቆይ ደግሞ ሌላ እንግዳ ይመጣል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከዚያ አራት ዓመት አስቀድሞ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ በሞቃት ስፍራ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ስለዚህ ምንም መድኃኒት ያልገባበት ውሃ ከብልሃርዝያ ለመዳን ከሁለት ቀን በላይ መቆየት፣ ከትንኝ ለመዳን ግን ከሳምንት በፊት መደፋት አለበት። ከተራ ከዚህ ጠባብ በር ሳያውቀው አልፏል፤ ትንኟ ሳታድግ ይፈርሳልና።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መንግሥት ውሃ ማቆርን በአማራ ክልል በሰፊው ሲያስፋፋ በገበሬው ጓሮ ጕድጓድ ተቆፈረ፤ ውሃው እንዳይሰርግም ፕላስቲክ ወይም ሲሚንቶ ለበሰ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ዝናብ ሲያጥር አትክልት ማጠጫ ይሆናል። ነገር ግን በእኛ አስተያየት የቤት መዋኛ ገንዳ ችግር በደጋችን የተጀመረው በዚህ ጕድጓድ ነው፤ የሀብታም ገንዳ ከመምጣቱ በፊት የድኻው መጥቷል። ጎኑ ተዳፋት ነው፤ ፕላስቲኩ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ጥልቀቱ ብዙውን ጊዜ ከአዋቂ ቁመት ያልፋል። የገባ ልጅ መዋኘት ቢያውቅ እንኳ የሚጨብጠው የለውም። በአንዳንድ ስፍራ ሰውና ከብት እንደ ሰጠመበት፣ የትንኝ መራቢያም እንደ ሆነ በጊዜው ብዙ ተነግሯል። መፍትሔው ውድ አልነበረም፤ ዙሪያውን የእሾህ አጥር፣ ከዳር እስከ ታች የተዘረጋ ቋጠሮ ያለው ጠንካራ ገመድ ወይም መሰላል ይበቃው ነበር። የመቆፈሩ ሥራ ግን በቍጥር ይጠየቅ ነበር፤ አጥር ቍጥር ውስጥ አይገባም።

በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞች በሆቴልና በአንዳንድ መኖሪያ ቤት የሚሠራው ንጣፍ ያለው ገንዳ ከጓሮው ጕድጓድ በመልክ እንጂ በአደጋ አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በዓለም 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ከእነዚህ ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ሲሰጥም አይጮኽም፤ አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለመተንፈስ እንኳ አይበቃውም። ስለዚህ «ድምፁን እሰማለሁ» ብሎ ጎጆ ውስጥ ቡና የሚያፈላ ጠባቂ ጠባቂ አይደለም።

ስለ አጥርም የእኛ ልማድ ሰውን ያታልላል። ግቢያችን ሁሉ አጥር አለውና ገንዳውም የታጠረ ይመስለናል። የግቢ አጥር የጎረቤትን ልጅ ይከለክላል፤ የቤቱን ልጅ ግን ከውሃው ጋር አብሮ ይዘጋበታል። በሌላ አገር የተደረጉት ጥናቶች የሚስማሙበት ነገር ገንዳውን ከቤቱ የሚለይ፣ በአራቱም ወገን የቆመ አጥር መኖር አለበት የሚል ነው፤ ቁመቱ ከ1.2 ሜትር ያላነሰ፣ በሩም ራሱ የሚዘጋ ይሁን። የጎንደሩ ገንዳ የራሱ ቅጥር አለው፤ ይህን ከእርሱ መቅዳት ቀላል ነው።

ንጽሕናው የዕለት ሥራ ነው። በውሃው ውስጥ የሚገኘው ነፃ ክሎሪን በአንድ ሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ የአሲድ መለኪያው ፒኤችም ከ7.2 እስከ 7.8 ሊሆን ይገባል፤ ፒኤቹ ከፍ ካለ ክሎሪኑ ቢበዛም ይደክማል። ፀሐይ ክሎሪንን ያጠፋዋል፤ እንደ ደብረ ታቦር ባለ ከፍታ ደግሞ የፀሐይዋ ጨረር ብርቱ ነውና በቈላ የተጻፈውን መጠን አምኖ መቀመጥ አይቻልም፤ በየቀኑ መለካት ያስፈልጋል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ክሎሪን አለ ተብሎ መግባት የለበትም፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ በዚህ መጠን ክሎሪን ውስጥ ለቀናት ይኖራልና። ክሎሪንን ከአሲድ ጋር የሚቀላቅል ሰው መርዛም ጋዝ ያመነጫል። ከሁሉ ቀላሉ ምርመራ ግን መሣሪያ አይጠይቅም፤ የገንዳው ወለልና በወለሉ ላይ ያለው የመውጫ ክዳን ከዳር ቆሞ ካልታየ ማንም አይግባ። የደፈረሰ ውሃ የሰመጠን ልጅ ይደብቃል። የመውጫው ክዳን ከተሰበረም እንዲሁ ነው፤ የፓምፑ ስበት ፀጕርን ወይም እጅን ጎትቶ ይይዛል።

የደጋው ብርድም ሊዘነጋ አይገባም። ቀዝቃዛ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወስዳል፤ ትንሽ ልጅ ሲንቀጠቀጥ የሚወጣበት ጊዜ አልፏል። ሶደሬ ላይ የምድር ሙቀት ይህን ችግር ያቃልለዋል፤ ደብረ ታቦር ላይ ግን ያለችው የቀትር ፀሐይ ብቻ ናት።

ገንዳው ሥራ ላይ በማይውልበት ወራት ተደፍቶ መተው ይመረጣል፤ ክሎሪን ያለበት ውሃ ግን በቀጥታ ወደ ጅረት አይለቀቅም። ሕፃናት እንዳይደርሱበት ተዘግቶ፣ ክሎሪን ሳይጨመርበት ጥቂት ቀን ፀሐይ ሲመታው ይደክማል፤ ከዚያ ለአትክልት ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የደጋ ዝናብ ባዶ የተባለ ገንዳ ራሱን መልሶ ይሞላል፤ ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ የመውጫው ቀዳዳ ክፍት፣ የአጥሩ በር ግን ዝግ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ቅጠልና ደለል ቀዳዳውን እንዳይደፍነውም ከየዝናቡ በኋላ ማየት ያስፈልጋል።