ቤት፣ ገበያ፣ መንግሥት፦ ከዴልሂ እስከ ጅማ

የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው። መንግሥት የሰው ልጅ ጉዞ መድረሻ ነው ወይስ መንገድ? አንድ የሕንድ ዓሊምና አንድ የጀርመን ፈላስፋ የሰጡትን መልስ እናነጻጽርና በጅማ ታሪክ እንመዝነዋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሻህ ወሊዩላህ በ1703 በሕንድ ተወለዱ። ዴልሂ ውስጥ አባታቸው ባቋቋሙት መድረሳ አስተምረዋል፤ ወደ ሒጃዝ ተጉዘውም በመካና በመዲና ቀርተዋል። ወደ አኼራ የሄዱት በ1762 ነው። የሙጋል መንግሥት ሲዳከም በዓይናቸው አይተዋል። «ሑጀቱላሂል ባሊጋ» በተሰኘው ኪታባቸው የሰው ልጅ ኑሮ በአራት ደረጃ እንደሚያድግ ያስረዳሉ። የመጀመሪያው እርሻን፣ ቋንቋንና ምግብ ማብሰልን የመሰለው ተራ ኑሮ ነው። ሁለተኛው የቤት አስተዳደር፣ ሙያና ንግድ ነው። ሦስተኛው ፍትሕ የሚሰጥ መንግሥት ነው። አራተኛው ነገሥታትን እርስ በርስ ከመዋጋት የሚያግድ ኸሊፋ ነው።

ጀርመናዊው ሄግል የተወለደው በ1770፣ ሻህ ወሊዩላህ ካለፉ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። በርሊን ሲያስተምር በ1820 ባወጣው የሕግ ፍልስፍና መጽሐፉ እርሱም ደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ ቤተሰብ፣ ቀጥሎ ሰዎች ለየጥቅማቸው የሚገናኙበት የገበያና የሙያ ማኅበረሰብ፣ በመጨረሻ መንግሥት ይመጣል። ሁለቱም ሰው ብቻውን እንደማይሞላ ያምናሉ። መለያየታቸው ከዚህ በኋላ ነው። ሄግል ከመንግሥታት በላይ የሚዳኝ ምድራዊ ባለ ሥልጣን አላስቀመጠም። ለሻህ ወሊዩላህ ግን የዱንያው መሰላል ነፍስ ወደ ጌታዋ ከምትቀርብበት ጉዞ አይነጠልም። የፋርስና የሩም ገዢዎች በቅንጦት ሰጥመው በገበሬውና በባለሙያው ላይ ግብር ሲያከብዱ፣ ሕዝቡ እንደ ከብት ከመልፋት በቀር ስለ አኼራው የሚያስብበት ፋታ አጣ ይላሉ። ግፍ ኪስን ብቻ ሳይሆን ነፍስንም ያራቁታል ማለታቸው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በጊቤ ምድር ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የተባሉ አምስት መንግሥታት ነበሩ። ጅማን ከ1830 ገደማ ጀምሮ የገዙት ቀዳማዊ አባ ጅፋር እስልምናን ተቀበሉ። በ1878 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለዐፄ ምኒልክ ግብር እየከፈሉ ምድራቸውን ከጦርነት ጠበቁ፤ የውስጥ አስተዳደራቸውንም አቆዩ። መቀመጫቸው ጅሬን ነበር፤ ዑለማእ ከየአቅጣጫው መጡ፣ መድረሳዎች ተከፈቱ። ነጋዴው በኬላ ገብቶ በሂርማታ ገበያ ይገበያይ ነበር። ቤቱም፣ ገበያውም፣ መንግሥቱም ተሟልቶ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን አድማጮቻችን፣ በሂርማታ ይሸጥ የነበረው ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን የምናነሳው አባቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ባርያ ንግድ በብዙ የአገራችን ክፍል፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ነበር፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረውም በ1942 ነው። የምናነሳው ሚዛኑ ስለሚያስፈልገን ነው። የመስጊዱን፣ የኬላውንና የግቢውን ብዛት ብቻ ብንቆጥር ጅማ ሙሉ ነበረች። ከእናቱ ጉያ ተነጥሎ የተሸጠውን ልጅ ብንጠይቀው ግን መልሱ ሌላ ነው። መሰላሉ ከታች ያለውን ካላነሳ፣ ደረጃው ስለበዛ ብቻ ወደ አላህ አያቀርብም።

ይህ ሚዛን ለነገሥታት ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ በየቤታችን አለ። ቡና ሲቀላ በአጋሮ፣ በሊሙና በማና ለቀማ ይጀመራል። ለቃሚው ደመወዙን ላቡ ሳይደርቅ ያገኛል? ቡናው ሲመዘን ሚዛኑ ትክክል ነው? ሠራተኛው ለሶላት ፋታ፣ ልጁስ ለቂርአትና ለትምህርት ጊዜ አለው? መንግሥትን ከመጠየቃችን በፊት ለእነዚህ መልስ ያለን ቤት፣ ከአራቱ ደረጃ ሁለተኛውን በወጉ ወጥቷል።

አላህ (ሱ.ወ.) በእጃችን ሥር ላሉት ፍትሕ ከሚያደርጉት ያድርገን። አሚን። በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።