ኩላሊት የሚታጠብ ልጅና ወላጆቹ

የኩላሊት እጥበት (ዲያሊስስ) አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሥራውን ያቋረጠ ጎልማሳ ልጅን ከድካሙ ይልቅ «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚለው ሐሳብ ሊከብደው ይችላል። ወላጅ ደግሞ ቶሎ «ሶብር አድርግ» ይለዋል። ምክሩ ልክ ነው፤ ሳያዳምጡ ሲሉት ግን ዝም ያሰኛል። ነብዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ መድረሳቸውን ሱረቱ ዩሱፍ ይነግረናል፤ ሶብራቸው አልጎደለም።

ተስፋ መቁረጡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ 2 ሳምንት ካለፈው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ድብርት ራሱን የቻለ ሕመም እንጂ የኢማን ድክመት አይደለም። ሞትን መመኘት ከጀመረ አንድ ቀንም አይጠብቁ።

እናት ሳስታ የምታቀርብለት ተምርና ሙዝ ፖታሲየም ስለሚበዛባቸው ልቡን ሊያውኩት ይችላሉ። ውሃም በልክ ነው። ማን እንደሚሸኘው፣ ለዘመድ ምን እንደሚነገር ግን እሱ ይወስን።