የቋንቋ ማዕርግና የወጣቶች መንፈስ በካናዳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘንድ

የአንድ ቋንቋ ማዕርግ በአዋጅ ብቻ ተወስኖ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ከወጣቱ ልቡና ገብቶ ስለ ራሱና ስለ ወገኑ ያለውን ግምት ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። የካናዳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በ1912 የወጣው 17ኛው ደንብ ፈረንሳይኛ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት የትምህርት ዓመታት ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ወላጆች ደንቡን በብርቱ ተቃወሙ፤ በጥር 1916 በኦታዋ ከተማ በጊግ ትምህርት ቤት እናቶች የባርኔጣ መርፌ ይዘው በር በመጠበቅ፥ የዴሎዥ እኅትማማቾች የተባሉት መምህራን በፈረንሳይኛ ማስተማራቸውን እንዲቀጥሉ አደረጉ። ደንቡ ከ1927 ጀምሮ ቢላላም ጨርሶ የቀረው በ1944 ነው፤ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው ግን በ2016 ነው።

እንዲህ ያለው ዝቅታ በወጣቶች መንፈስ ላይ የሚያደርሰውን ጕዳት የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ዋላስ ላምበርትና ባልደረቦቻቸው በሞንትሪያል አድርገው በ1960 ያሳተሙት ጥናት ይገልጠዋል። ሁለቱን ቋንቋዎች አጣርተው የሚናገሩ ሰዎች አንዱን ጽሑፍ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ አንብበው ድምፃቸው ተቀረጸ። ሰሚዎቹ ተማሪዎች ሁለቱ ድምፆች የአንድ ሰው መሆናቸውን ሳያውቁ፥ ስለ ተናጋሪው ጠባይ እንዲፈርዱ ተጠየቁ። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ለቋንቋቸው ማድላት የሚጠበቅ ነበር፤ የሚያስደንቀው ግን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹም በብዙ ጠባዮች የእንግሊዝኛውን ድምፅ ማብለጣቸው ነው። ወገናቸው በቍጥር በሚበልጥበት በኬቤክ እንዲህ ከሆነ፥ በቍጥርም አናሳ በሆኑበት በኦንታሪዮ ሸክሙ ይከብዳል ብሎ መገመት ይቻላል።

ነገር ግን ጕዳቱ የመጣው ሁለተኛ ቋንቋ ከመማር ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ላምበርትና ኤሊዛቤት ፒል በ1962 ያሳተሙት ሌላ ጥናት፥ በሞንትሪያል ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቁ የ10 ዓመት ልጆች አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያውቁት ይልቅ በአእምሮ ፈተናዎች ብልጫ ማግኘታቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ሁለተኛው ሲጨመር የሚጠቅመው የመጀመሪያው ሳይዋረድ ሲቀር ነው።

በ1969 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሁለቱን ቋንቋዎች እኩል አደረገ፤ የ1982 የመብት ቻርተርም የአናሳዎችን የትምህርት መብት አጸና። በ2001 ደግሞ የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፥ በኦታዋ በፈረንሳይኛ የሚያክመው የሞንትፎር ሆስፒታል አገልግሎቱ እንዳይቀነስ ፈረደ። የተጨነቀ ወጣት ሕመሙን የሚገልጠው በንግግር ነውና፥ ይህ ፍርድ ከመብት አልፎ የጤና ጕዳይም ነበር።

ሕግ በአንድ ቀን ይሻራል፤ በልጅ ልቡና ውስጥ የቀረው የበታችነት ስሜት ግን የሚጠፋው ቋንቋው በትምህርት ቤት፥ በሆስፒታልና በሥራ ቦታ ሲከበር በዓይኑ ካየ በኋላ ነው።