ያገረሸ ማይሎማና የታሊዶማይድ ታሪክ

መልቲፕል ማይሎማ በመቅኔ ውስጥ የሚገኙ የፕላዝማ ሕዋሳት ካንሰር ነው። ሜልፋላን ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ፣ በኋላም ከፕሬድኒሶን ጋር ተጣምሮ፣ ለአሥርተ ዓመታት ዋነኛው ሕክምና ሆኖ ቆይቷል። በሽታው ሲያገረሽ ግን ለሐኪሙ የሚቀረው አማራጭ እጅግ ጥቂት ነበር። ይህን ሁኔታ ከለወጡት መድኃኒቶች አንዱ ዓለም አንቅሮ የተፋው ታሊዶማይድ መሆኑ ያስደንቃል።

ታሊዶማይድ እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን በእንቅልፍ መድኃኒትነት ለገበያ ቀረበ። በ1960 ማብቂያ በስኮትላንድ የቱሪፍ ከተማ ጠቅላላ ሐኪም የነበሩት ሌስሊ ፍሎረንስ፣ መድኃኒቱን ለረዥም ጊዜ የወሰዱ 4 ታካሚዎች በመጀመሪያ እግራቸውን፣ ቀጥሎም እጃቸውን እንደሚደነዝዛቸው ለብሪትሽ ሜዲካል ጆርናል በአጭር ደብዳቤ አስታወቁ። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ማመልከቻውን ይመረምሩ የነበሩት ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ ደብዳቤውን አነበቡ፤ ነርቭን የሚጎዳ መድኃኒት ፅንስንስ ምን ያደርገው ይሆን ብለውም ፈቃዱን አዘገዩ። በ1961 መጨረሻ መድኃኒቱ ከጀርመን ገበያ ሲወጣ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የተጎዱት ሕፃናት ከ10,000 እንደሚበልጡ ይገመታል።

መድኃኒቱ ግን አልጠፋም። በኢየሩሳሌም ጃኮብ ሼስኪን በኤሪቴማ ኖዶሰም ሌፕሮሰም ሕመም እንቅልፍ ላጡ የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ሰጥተውት፣ ቁስላቸው እንደሻረ በ1965 አሳወቁ። ይህን ሕመም በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአለርት ማዕከል ባለሙያዎች በሚገባ ያውቁታል። በብራዚል ግን መድኃኒቱ ለሥጋ ደዌ ሲታደል ቁጥጥሩ በመላላቱ እንደገና የአካል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ተወለዱ።

በ1994 ሮበርት ዳማቶ ታሊዶማይድ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዳያድጉ እንደሚገታ አሳዩ። በ1999 የአርካንሳው ቡድን ሌላ ሕክምና ለከሸፈባቸው 84 የማይሎማ ታካሚዎች ሰጥቶ፣ 32 ከመቶ የሚሆኑት መሻሻል እንዳሳዩ አስታወቀ። ቦርቴዞሚብ በ2003፣ ሌናሊዶማይድ በ2006 በአሜሪካ ላገረሸ ማይሎማ ተፈቀዱ።

ይሁንና ፍሎረንስ የዘገቡት መደንዘዝ ዛሬም በታሊዶማይድና በቦርቴዞሚብ ሕክምና ላይ ያሉ ታካሚዎችን ያስቸግራል። ሌናሊዶማይድ የደም ሕዋሳትን ቁጥር ይቀንሳል፤ ከታሊዶማይድ ጋር የሚጋራው ሌላው አደጋ፣ በተለይም ከዴክሳሜታሶን ጋር ሲሰጡ፣ የደም መርጋት ነው። ዴክሳሜታሶንም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል።

ሕክምናውን በአዲስ አበባ ጀምሮ ወደ ሉማሜ የተመለሰ ታካሚን በየዕለቱ የሚያገኘው በአቅራቢያው ያለው የጤና ባለሙያ ነው። በመሆኑም እግር መደንዘዙን፣ የአንድ እግር እብጠትንና ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርን፣ ትኩሳትንና የሆድ ድርቀትን መጠየቅ የእርሱ ድርሻ ነው። ትኩሳት፣ የእግር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ለነገ የሚባል አይደለም። ታሊዶማይድም ሆነ ሌናሊዶማይድ ባለበት ቤት ክኒኑን ሌላ ሰው እንዳይወስደው፣ በተለይም ልትፀንስ የምትችል ሴት እንዳትነካው፣ ወንድ ታካሚም ኮንዶም እንዲጠቀም ማስረዳት ይገባል። ያገኘውን ምልክት በጽሑፍ መዝግቦ ለላከው ሐኪም ማሳወቅም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ቱሪፍም ብትሆን ትንሽ ከተማ ነበረች።