ስለ ዲትሮይት ከተማና ስለ ሥዕል ቤቷ

በሰሜን አሜሪቃ በሚሺጋን ግዛት በወንዝ ዳር የተቈረቈረች ዲትሮይት የምትባል ታላቅ ከተማ አለች። ፈረንሳዮች በ1701 ዓመት (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን) ሲቈረቍሯት ስሟን ከወንዙ አወጡላት፤ ትርጓሜውም ጠባብ የውሃ መተላለፊያ ማለት ነው። ኋላ ግን ዓለም ያወቃት በውሃዋ ሳይሆን በአውቶሞቢል ነው። ሄንሪ ፎርድና ሌሎች ባለ ፋብሪካዎች በዚያ መኪና በብዛት ስለ ሠሩ፥ የሕዝቧ ቍጥር በ1950 ዓመት 1,850,000 ያህል ደርሶ ነበር።

ወደዚች ከተማ የገባ እንግዳ ዉድዋርድ የተባለውን ሰፊ ጎዳና ይዞ ሲሄድ፥ ፊቱ በነጭ እብነ በረድ የተሠራ ታላቅ ሕንፃ ያገኛል። ይህ የዲትሮይት የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ነው። በ1885 ተመሠረተ፤ በ1919 ንብረቱ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ተላለፈ፤ ዛሬ የሚታየው ሕንፃ በ1927 ተከፈተ። የ1919ኙን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ ኋላ ለመጣው ፈተና ምንጩ እርሱ ነውና። በዚያ ዘመን ከተማዪቱ ባለጠጋ ስለ ነበረች ከግብሯ እየከፈለች ሥዕል ትገዛ ነበር። ቫን ጎግ የራሱን መልክ የሣለበትን በ1922፥ ብሩጌል ገበሬዎች በሠርግ ሲጨፍሩ የሣለበትን በ1930 ገዛች።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ እንግዳውን አቁሞ የሚያስቀረው ግን በሕንፃው መካከል ያለው አዳራሽ ነው። የሜክሲኮው ሰው ዲየጎ ሪቬራ በ1932ና በ1933 የአዳራሹን አራት ግድግዳ በ27 ክፍል ሥሎታል። ገንዘቡን የሰጠ የሄንሪ ፎርድ ልጅ ኤድሰል ነው። ሥዕሉ በእርጥብ ኖራ ላይ የተሣለ ስለ ሆነ ቀለሙ ከግድግዳው ጋር አንድ አካል ሆኗል፤ በአገራችን በብዙ ቤተ ክርስቲያን እንደሚደረገው በሸማ ተሥሎ የተለጠፈ አይደለም። የተሣለውም ንጉሥ ወይም መኰንን ሳይሆን፥ ብረት የሚያቀልጥና የመኪና ሞተር የሚገጣጥም ሠራተኛ ነው። ሪቬራ ወደ ከተማው ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በማርች 1932፥ ሥራ ያጡ ሰዎች ወደ ፎርድ ፋብሪካ በሰልፍ ሲሄዱ ተተኵሶባቸው የሞቱ ነበሩ። ሠዓሊው የባለ ፋብሪካውን ገንዘብ ተቀብሎ የሠራተኛውን ወዝ ሣለ።

ከክፍሎቹ አንዱ ብዙ ቍጣ አስነሣ። አንዲት አስታማሚ ሕፃን ይዛ ሐኪም ሲከትበው ይታያል፤ በፊታቸው በሬ፥ ፈረስና በግ ቆመዋል፤ በስተኋላ ሦስት ሊቃውንት መድኃኒት ይቀምማሉ። ሥዕሉ በ1933 ሲገለጥ የከተማው ካህናት የጌታን ልደት አፌዘበት ብለው ተቃወሙ፤ ይታጠብ፥ በኖራ ይሸፈን ያሉም ነበሩ፤ ኤድሰል ፎርድ ግን አልተበገረም። በእኛ አስተያየት ሠዓሊው ልደትን ማሰቡ አይካድም፤ ነገር ግን እንስሳቱ የቆሙት በዚያ ዘመን የክትባቱ መድኃኒት ከእነርሱ ይገኝ ስለ ነበረ ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ሰምና ወርቅ ሲጣመሩ አይቶ ሰሙ ወርቁን ሰደበው አይልም።

ዘመን ተለወጠ። ፋብሪካዎች ተዘጉ፥ ሌሎችም ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ፤ ነዋሪው ከከተማው ውጭ ወደ ተሠሩት መንደሮች ፈለሰ፤ ግብሩ ሲያንስ የጡረተኛው ቍጥር አላነሰም። ከሕዝቧ 700,000 ያህል ብቻ በቀረ ጊዜ፥ ጁላይ 18 ቀን 2013 ከተማዪቱ 18 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ዕዳ ተሸክማ ከሰርሁ ብላ ለፍርድ ቤት አመለከተች። አበዳሪዎችም ዐይናቸውን ወደ ሥዕል ቤቱ አነሡ፤ የማዘጋጃ ቤት ንብረት ነዋ! ክሪስቲስ የተባለው የሐራጅ ቤት በከተማው ገንዘብ የተገዙትን ብቻ ቢገምት ከ454 እስከ 867 ሚሊዮን ዶላር አገኘ፤ የብሩጌል ሠርግ ብቻውን ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ተባለ። የሚሺጋን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ግን፥ ሥዕሎቹ ለሕዝብ በአደራ የተያዙ ናቸውና ለዕዳ አይሸጡም ብሎ ጻፈ።

በውጭ ሆኖ ለሚሰማ ሰው ፍርዱ ቀላል ይመስለዋል። ነገር ግን ዕድሜውን እሳት ሲያጠፋ ወይም ጎዳና ሲጠርግ የኖረ ሽማግሌ፥ ጡረታው ሊቀነስ ነው ሲባል፥ በግድግዳ የተሰቀለው ሸራ ይሸጥ ቢል ማን ይፈርድበታል? ሥዕሉስ አንድ ጊዜ ከተሸጠ በኋላ ለልጅ ልጁ ማን ይመልስለታል?

አስታራቂ የሆነው ዳኛ ጄራልድ ሮዘን መንገድ ፈለገ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች 366 ሚሊዮን፥ የሚሺጋን መንግሥት 350 ሚሊዮን (አስቀድሞ በአንድ ጊዜ ስለ ከፈለ 195 ሚሊዮን ያህል ሆነ)፥ ቤተ መዘክሩ ራሱ ለምኖ 100 ሚሊዮን ዶላር በሃያ ዓመት ለጡረተኞች እንዲሰጡ፥ በዚህም ምትክ ሥዕሎቹ ከማዘጋጃ ቤቱ እጅ ወጥተው ለቤተ መዘክሩ እንዲሆኑ ተዋዋሉ። ጡረተኞችም ድምፅ ሰጥተው ተቀበሉት፤ ዳኛው ስቲቨን ሮድስ ኖቬምበር 7 ቀን 2014 አጸደቀው።

በጋዜጣ ሁሉ ሥዕሎቹ ዳኑ ተብሎ ብዙ ተጻፈ፤ በእውነትም አንድ ሸራ እንኳ ለሐራጅ አልወጣም። የፖሊሶችና የእሳት አጥፊዎች ጡረታ ከመሠረቱ አልተነካም፤ በየዓመቱ የሚጨመርላቸው ግን ተቀነሰ። ከሌሎቹ የከተማው ሠራተኞች ጡረታ ከመቶ 4.5 ተቈረጠ፤ ገበያ ሲወደድ ይታከልላቸው የነበረውም ጭማሪ ፈጽሞ ቀረባቸው።