ጋሊሊዮን የሚከስ ተማሪ

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር የማያውቅ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም፤ መዞሯን በምን እናውቃለን ብዬ ስጠይቅ ግን የሚመልስልኝ ጥቂት ነው። መልሱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሸምድደውታል። ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ የተሟገቱበትን ዘመን ግን ማንም አላሳያቸውም። ለዚህ የሚሆን አንድ የማስተማር ልማድ አለ፤ ተማሪውን የዚያን ዘመን ሰው ሚና ሰጥቶ ማከራከር። ልማዱ ከየት እንደመጣ ላወጋችሁ እወዳለሁ። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሥሩ ራቅ ይላል። በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ ወጣት መኮንን ጓዶቹ በካርታ ላይ ጦር እያዘመቱ የሚለማመዱበትን ጨዋታ ለሠራዊቱ አቀረበ። ከተጋጣሚዎቹ የተሰወረውን ሁሉ የሚያውቀው በመካከል የተቀመጠው ዳኛ ብቻ ነበር። በ1963 ደግሞ በሎስ አንጀለስ የነርቭ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ አንዲት ጤነኛ ሴት እግሮቿ የማይታዘዙላት ታማሚ መስላ እንድትቀርብ አሠልጥኖ የሕክምና ተማሪዎቹን በእሷ ፈተነ። ሥራውን የፊልም ትወና ነው ብለው ያናናቁት ነበሩ። ዛሬ የሠለጠነ ታማሚ በብዙ አገር የሕክምና ፈተና አካል ነው።

ልማዱ እኔ ወደምቀርበው ዘርፍ የመጣው ግን በታሪክ መምህር በኩል ነው። በኒው ዮርክ ባርናርድ የሴቶች ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ማርክ ካርንስ በ1990ዎቹ አጋማሽ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ መሰላቸታቸውን አይቶ ክፍሉን ለእነሱ ለቀቀላቸው። አንዷ የአቴና ዜጋ፣ ሌላዋ የሚንግ ቻይና ሹም፣ ሌላዋ በ1637 በማሳቹሴትስ በሃይማኖት ትምህርቷ ለፍርድ የቀረበችውን አን ሃቺንሰንን የምትከስ ሆነች። እያንዳንዷ ማንነቷንና ዓላማዋን የያዘ ጽሑፍ ይሰጣታል፤ የዘመኑን መጻሕፍት አንብባ ንግግር ታደርጋለች፤ ትጽፋለች። መምህሩ ከኋላ ተቀምጦ ብጣሽ ወረቀት ያቀብላል። ውጤቱ ከታሪኩ ሊለይ ይችላል፤ በመጨረሻው ቀን እውነቱ ይነገራል። «ሪአክቲንግ ቱ ዘ ፓስት» የተባለው ይህ ሥርዓት ወደ ሳይንስም ተሻገረ። ከቀደሙት የሳይንስ ጨዋታዎች አንዱ፣ ምድር ትዞራለች በማለቱ የተከሰሰውን የጋሊሊዮን ጉዳይ ከ1616 እስከ 1633 የያዘው፣ ካርንስ ከፈላስፋው ፍሬደሪክ ፐርኔልና ከፊዚክስ መምህሩ ማይክል ፔተርሰን ጋር ያዘጋጀው ነው።

የዚህ ጨዋታ ብርታት የጋሊሊዮ ተቃዋሚዎች ሞኞች አለመሆናቸው ነው። በመማሪያ መጻሕፍታችን ሳይንስ በአንድ ወገን፣ ድንቁርና በሌላው ወገን ይቆማሉ። እውነቱ ሌላ ነው። በ1611 የሮማ ኮሌጅ ኢየሱሳውያን ሊቃውንት ጋሊሊዮ በመነጽሩ ያያቸውን ነገሮች ራሳቸው አይተው አረጋግጠውለታል። ቬኑስ እንደ ጨረቃ ስትጎድልና ስትሞላ መታየቷ ሁሉም ምድርን ይዞራል የሚለውን የጥንቱን የፕቶለሚን ሥርዓት ጣለው። የዴንማርኩን ታይኮ ብራሄን ሥርዓት ግን አልጣለውም። በታይኮ ሐሳብ ፕላኔቶች ፀሐይን ይዞራሉ፤ ፀሐይ እነሱን አስከትላ የማትንቀሳቀሰውን ምድር ትዞራለች። የቬኑስ መጉደልና መሙላት በታይኮ ሥርዓትም፣ ምድር ፀሐይን ትዞራለች በሚለውም ይብራራል።

ከዚያ የከበደ ጥያቄም ነበር። ምድር በዓመት አንዴ ያን ሁሉ መንገድ የምትዞር ከሆነ፣ ቅርብ ያሉት ኮከቦች ከራቁት አንጻር ቦታቸውን ሲቀይሩ መታየት አለባቸው። ፓራላክስ የምንለው ይህ ነው። በዘመኑ ማንም አላየውም። ጋሊሊዮ ዋነኛ ማስረጃዬ ነው ያለው የባሕር ማዕበል ከፍና ዝቅ ማለት ደግሞ ስሕተት ነበር፤ ምክንያቱ በዋናነት የጨረቃ ስበት ነው። ካርዲናል ቤላርሚኖ በ1615 በጻፈው ደብዳቤ እውነተኛ ማረጋገጫ ቢገኝ ቅዱሳት መጻሕፍትን በጥንቃቄ እንደገና መተርጎም እንደሚያስፈልግ አምኖ፣ ማረጋገጫ ግን አላየሁም ብሏል። ፍሪድሪክ ቤሴል የአንዲትን ኮከብ ፓራላክስ ለክቶ ያሳተመው በ1838 ነው፤ መጠኑ ከአንድ ዲግሪ 11 ሺህ እጅ አንዱ ገደማ። ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር በ1616 ሊታይ አይችልም ነበር።

የኢየሱሳውያኑን ወገን የያዘ ተማሪ ይህን ሁሉ መሣሪያ ይዞ ሲነሳ፣ የጋሊሊዮ ወገን «ሁሉም ያውቀዋል» ማለት አይችልም። ሒሳቡን መሥራት አለበት። የአገራችን ተማሪ ደግሞ የኢየሱሳውያንን ስም ከታሪካችን ያውቀዋል። «ምልልስ» የተባለው የጋሊሊዮ መጽሐፍ በታተመበት በ1632 ነው አፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሰበካ ያወጁትን የካቶሊክ እምነት ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል የለቀቁት። ተማሪያችን ለሙግትም እንግዳ አይደለም፤ አያቶቹ በዋርካ ሥር በላ ልበልሃ እየተባባሉ ተሟግተዋል።

ሌላው የምወደው ጨዋታ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ለዳርዊን የኮፕሊ ሜዳሊያ ይስጥ አይስጥ የተከራከረበት ነው። ሜዳሊያው በ1864 ተሰጠ፤ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ሳቢን ግን ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ ለሽልማቱ ምክንያት እንዳልተቆጠረ ተናገረ፤ የዳርዊን ደጋፊ ሃክስሊ ወዲያው ተቃወመ። ተማሪ ከዚህ የሚማረው ስለ ማስረጃ ብቻ አይደለም። ማስረጃን የሚመዝኑ ተቋማት ስላለባቸው ፍርሃትም ይማራል።

በልማዱ ላይ የሚነሳ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ሳይንስ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም፤ ጨዋታውን ጥሩ ተናጋሪ ካሸነፈ ተማሪው ተፈጥሮም በንግግር የምትረታ ሊመስለው ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የመጨረሻው ቀን ማብራሪያ የማይዘለለውም ለዚህ ነው። ስለ ፕሉቶ የተዘጋጀው ጨዋታ እዚህ ላይ ይረዳል። በነሐሴ 2006 ፕራግ ላይ የተሰበሰቡ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ድምፅ ሰጥተው ፕሉቶን ከፕላኔቶች ዝርዝር አወጧት። የወሰኑት ስለ ስያሜዋ ነው፤ በዚያ ድምፅ ምሕዋሯ በአንዲት ክንድ እንኳ አልተዛነፈም። ይህን ልዩነት የለየ ተማሪ ጨዋታውን ተጫውቶ ተጠቅሟል እላለሁ።

የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው አንድ ነገር አለ። ውድ መጽሐፍ ወይም ልዩ ክፍል አያስፈልግም፤ ለእያንዳንዱ ሚና ግማሽ ገጽ ጽሑፍና የሁለት ክፍለ ጊዜ ሙግት ይበቃል። ሚና ስታከፋፍሉ ግን ጎበዞቹን ተማሪዎች ለጋሊሊዮ አትስጡት። ለታይኮ ስጧቸው።