ተራና ትዝታ፤ አትክልት ተራ ስለ ሰው የማስታወስ ኃይል የሚያስረዳን

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በታሪክ ተማሪዎች ዘንድ እንደ ሕግ ሲጠቀስ እንሰማለን። ከተማሪዎች ብዙዎቹ መዝገብ፥ ደብዳቤና ዜና መዋዕል ሲገኝ ደስ ይላቸዋል፤ በቃል የሚነገረውን ግን ወይ ፈጽመው ይንቁታል፥ ወይም ሽማግሌው የተናገረውን ሁሉ እንዳለ ይጽፉታል። ሁለቱም መንገድ የሚያዋጣ አይመስለንም። የቃል ምስክርነትን በሚገባው ዋጋ ለመቀበል የሚቻለው የሰው አእምሮ ነገርን እንዴት እንደሚያስቀምጥና እንዴት እንደሚያቆይ ከታወቀ በኋላ ነው።

ይህን ለመመርመር አንድ ጠባብ ስፍራ መርጠናል፤ ይኸውም በአዲስ አበባ፥ በመርካቶ ወገን የሚገኘው አትክልት ተራ ነው። ስፍራው ስሙን ያገኘበት የአትክልት ጅምላ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። ገበያው ሄደ፤ ስሙ ግን ቀረ። ስለዚህ ከገበያው ጋራ የሄደው ምን እንደ ሆነ፥ ከስሙ ጋራ የቀረውስ ምን እንደ ሆነ ለመጠየቅ የተመቸ ስፍራ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የአገራችንን ነገር በዓመተ ምሕረት፥ የውጭ አገር ሊቃውንትን ሥራ ግን በአውሮፓ አቈጣጠር እንቈጥራለን።

1. ሊቃውንት የደረሱበት

የሥነ ልቡና ሊቃውንት የማስታወስን ሥራ በሦስት ይከፍሉታል፤ እነርሱም መቀበል፥ ማቆየትና መልሶ ማውጣት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ሰው «ረሳሁ» ይላል፤ ነገር ግን ሦስቱ መርሳቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። ደኅና አድርጎ ያልተቀበለ ሰው ነገሩን ከቶም አልያዘውም። ተቀብሎ ያላቆየ ሰው አጥቶታል። አቆይቶ ማውጣት የተሳነው ግን ዕቃውን በቤቱ ቈልፎ ቁልፉን እንደ ጣለ ሰው ነው። ለታሪክ ተማሪ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህን ሦስተኛውን ማወቅ ነው፤ ቁልፉን ለሚያገኝ ሰው ነገሩ አልጠፋምና።

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ መርሳትን በቍጥር ለካ። ምርመራውን ያደረገው በራሱ ላይ ነው። ትርጕም የሌላቸውን የፊደል ጥምረቶች በቃሉ ይይዝና፥ ቆይቶ እንደ ገና ሲያጠናቸው ከፊተኛው ድካም ምን ያህል እንደሚተርፍለት ይቈጥር ነበር። ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 ከመቶ ያህል፥ ከአንድ ቀን በኋላ 34 ከመቶ ያህል፥ ከ31 ቀን በኋላ 21 ከመቶ ያህል ድካም ተረፈለት። እንግዲህ መርሳት በመጀመሪያው ሰዓትና በመጀመሪያው ቀን ይፈጥናል፤ ከዚያ በኋላ ግን እያዘገመ ይሄዳል። ይኸው ሊቅ ጥናትን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ በብዙ ቀን ከፋፍሎ መደጋገም እንደሚሻል ጨምሮ አሳይቷል።

ይህን የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መምህራን ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሥራ ሲያውሉት ኖረዋል። በንባብ ቤት ያለ ተማሪ ቀን በብርሃን ፊደል ይቈጥራል፥ ዳዊት ይደግማል። ማታ ግን መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት ውዳሴ ማርያምንና ሌላውን ጸሎት ከመምህሩ አፍ ጥቂት በጥቂት እየተቀበለ፥ የተቀበለውን እየመለሰ በቃሉ ይይዛል። የመጻሕፍት ትርጓሜ የሆነው አንድምታም በማተሚያ ቤት ከመታተሙ በፊት ለብዙ ትውልድ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲተላለፍ ኖሯል። ስለዚህ ቶሎ የሚረሳው ሥርዓት ያልተበጀለት ቃል ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከዚህም ሌላ ማስታወስ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በ1953 በአሜሪካ ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ ወጣት ከሚጥል በሽታ እንዲድን ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎሉ ክፍል ከሌሎች አጠገቡ ካሉት ጋራ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከዚያ ወዲያ አዲስ የደረሰበትን ነገር ሁሉ ወዲያው እየረሳ እስከ 2008 ኖረ። ይሁን እንጂ ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ሊቅ በመስተዋት እያየ የኮከብ ሥዕል እንዲከተል ባለማመደችው ጊዜ እጁ ከቀን ወደ ቀን እየሠለጠነ ሄደ፤ እርሱ ግን መለማመዱን እንኳ አያስታውስም ነበር። የእጅ ትዝታና የአንደበት ትዝታ የተለያዩ መሆናቸው በዚህ ተረጋገጠ።

በመጨረሻም እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 ያሳተመው ጥናት አለ። ባርትሌት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን አስነብቦ ከጊዜ በኋላ እንዲደግሙት ጠየቀ። እነርሱም እንግዳ የሆነባቸውን እየጣሉ፥ ያልገባቸውን በሚያውቁት እየለወጡ፥ ተረቱን ወደ አገራቸው ልማድ አቅርበው ተናገሩት። አውቀው አልዋሹም፤ አእምሯቸው የጐደለውን ሞላላቸው እንጂ። እንግዲህ ማስታወስ የፈረሰ ቤት መልሶ እንደ መሥራት ነው፤ ድንጋዩ የቀድሞው ሲሆን ጭቃው ግን የዛሬ ነው።

2. ስፍራና ትዝታ

ትዝታ ከስፍራ ጋራ የተሳሰረ መሆኑን የጥንት ሰዎችም ያውቁ ነበር። ሮማዊው ሲሴሮ እንደሚተርከው ሲሞኒደስ የሚባል የግሪክ ባለቅኔ ከግብዣ ቤት ወጣ ባለበት ሰዓት ጣራው በእንግዶቹ ላይ ወደቀ። ሬሳውን መለየት ባልተቻለ ጊዜ ሲሞኒደስ እያንዳንዱ ሰው ተቀምጦ የነበረበትን ስፍራ በማስታወስ ለየዘመዱ አስለየ። ከዚህ በመነሣት ተናጋሪዎች የንግግራቸውን ክፍሎች በሚያውቁት ቤት ክፍሎች ውስጥ በሐሳብ እያስቀመጡ በቃል መያዝን ተማሩ ይባላል።

በዘመናችን ደግሞ ጆን ኦኪፍ በ1971 በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ አይጧ ከአንድ ከተወሰነ ስፍራ ስትደርስ የሚነቁ ሕዋሳት መኖራቸውን ገለጸ፤ በ2014ም ከሁለት ኖርዌያውያን ሊቃውንት ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አእምሮ ስፍራን የሚያውቅበት ክፍልና ሞሌይሰን ያጣው ክፍል አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። በ1975 ደግሞ ጐደንና ባድሊ የተባሉ ሁለት መርማሪዎች ጠላቂ ዋናተኞችን ቃላት አስጠኑ፤ ከውኃ ውስጥ ያጠኑትን በውኃ ውስጥ፥ በየብስ ያጠኑትን በየብስ ሲጠየቁ ይበልጥ አስታወሱ። ቀደም ብለን «ቁልፍ» ያልነው አንዱ እንግዲህ ነገሩ የተፈጸመበት ስፍራ ራሱ ነው።

3. ከአራዳ እስከ አትክልት ተራ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ዋናው ገበያ ለብዙ ዓመታት በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር። በዚያም ዕቃው ሁሉ በየዓይነቱ የተለየ መቀመጫ ነበረው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት የጠላት ወረራ ዓመታት ኢጣልያኖች ነጭንና ጥቁርን ለመለየት ባወጡት የከተማ ፕላን የሕዝቡን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ አዛወሩት። አራዳን ለራሳቸው አስቀርተው ፒያሳ አሉት፤ አዲሱንም በቋንቋቸው ገበያ ማለት በሆነው ቃል መርካቶ ብለው ጠሩት።

ሕዝቡ ስፍራውን በግድ ቢለውጥም አቀማመጡን ግን አልተወም። ሸማ ተራ፥ ምናለሽ ተራ፥ ቦምብ ተራ፥ እህል በረንዳ፥ በርበሬ በረንዳ የሚሉት ስሞች ዕቃው ወይም ነጋዴው በወገን በወገን መሰብሰቡን ይመሰክራሉ። ይህ አደራደር ለአእምሮ የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር በ1956 እንዳመለከተው ሰው በአንድ ጊዜ በልቡ ሊይዘው የሚችለው ነገር 7 ያህል ብቻ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ወደ 4 ዝቅ አድርገውታል። ነገር ግን ብዙውን ነገር በወገን ጠቅልሎ አንድ ማድረግ ይቻላል። መርካቶ የሚገባ ሰው በሺሕ የሚቈጠሩ ሱቆችን ማስታወስ አይጠበቅበትም፤ ተራውን ካወቀ ቀሪውን ተራው ራሱ ይነግረዋል። ስለዚህ ተራ ማለት የሲሞኒደስ ቤት ነው፤ የሚለየው አንድ ባለቅኔ በሐሳቡ የሠራው ሳይሆን ሕዝብ በእግሩ የሠራው መሆኑ ነው።

አትክልት ተራም እንዲሁ ነበር። ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሚወስደው አቅጣጫ፥ በአሮጌውና በአዲሱ ገበያ መካከል ሆኖ፥ የስምጥ ሸለቆው ሽንኩርትና ቲማቲም፥ የአርባ ምንጭ ሙዝ፥ ድንቹና ጎመኑ በጭነት መኪና ይራገፍበት ነበር። በእንዲህ ያለ ገበያ የትናንት ዋጋ ለዛሬ ስለማይረባ ቶሎ ከልብ ይወጣል። ሚዛን የማያጐድለው ማን እንደ ሆነ፥ በዱቤ ወስዶ በቀጠሮው የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ግን በየቀኑ ስለሚፈለግ በየቀኑ ይታደሳል። ኤቢንግሃውስ በብቸኝነት ያደረገውን ድግግሞሽ ነጋዴው፥ ደላላውና ተሸካሚው እርስ በርሳቸው ያደርጉት ነበር። ፈረንሳዊው ሞሪስ አልብዋክስ በ1925 በጻፈው መጽሐፍ ሰው ለብቻው ሳይሆን ከማኅበሩ ጋራ ያስታውሳል ያለው ይህን የመሰለውን ነው።

4. ስም የሚያቆየውና የማያቆየው

ገበያው ተዛውሮ ስሙ በመቅረቱ ብቻ ትዝታው ተጠብቋል ለማለት አይቻልም። የከተማችን ስሞች የሚያስተምሩን ሌላ ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም በኢጣልያንኛ ቤቶች ማለት ከሆነው ቃልና ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የኢጣልያ ድርጅት ምኅጻረ ስም የመጣ ነው፤ ስሙን በየቀኑ የሚጠራው ሕዝብ ግን ድርጅቱን ያስታውሳል አይባልም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር ሰባራ ባቡር ለሚባለው ሰፈር ስሙን አውርሶ ራሱ ከዓይን ጠፍቷል። አራዳማ ከሁሉ ይበልጥ ርቋል። ገበያው ከሄደ በኋላ ቃሉ የሰው ጠባይ መግለጫ ሆነ፤ «አራዳ ነው» ሲባል ነቃ ያለ፥ የከተማ ብልኀት የገባው ሰው ማለት ነው። የገበያው ብልኀት በቃሉ ውስጥ ቀርቷል፤ ገበያው ግን በቃሉ ውስጥ የለም።

በአትክልት ተራ ላይም ይህ እንዳይደርስ ያሠጋል። በአማርኛችን አትክልት ማለት የሚበላው ጎመንና ሽንኩርት ብቻ ሳይሆን የተክል ቦታም ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚወለድ ልጅ ስሙን ሲሰማ «በዚህ ስፍራ የአትክልት ቦታ ነበረ» ብሎ ቢተረጕም፥ ባርትሌት እንደ መረመራቸው ሰዎች የጐደለውን ከራሱ መሙላቱ ነው። ትርጓሜው ለጆሮ የሚጥም ስለሚሆን የሚቃወመው አይገኝም። በዚያ ሌሊት ሲሸከሙና ሲያራግፉ የኖሩት ሰዎች ድካም በአንድ ባልነበረ የአበባ ቦታ ይሸፈናል ማለት ነው።

5. ከታሪክ ተማሪ የሚጠበቀው

ከላይ ከተመለከትነው ሦስት የሥራ ምክሮች ይወጣሉ። አንደኛ፥ ባለታሪኩን በቢሮ ወይም በቤቱ አስቀምጦ ከመጠየቅ ወደ ቀድሞው ስፍራ ይዞት ሄዶ መጠየቅ ይሻላል። ሱቁ ቢፈርስም መንገዱ፥ ዳገቱና ማእዘኑ ቁልፍ ሆነው ያገለግላሉ። ሁለተኛ፥ «ንገረኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «አሳየኝ» ማለት ያስፈልጋል። ሽንኩርት እንዴት እንደሚለይ፥ ጆንያ እንዴት በትከሻ እንደሚወጣ አንደበት ሳይናገረው እጅ ሊያሳየው ይችላልና። ሦስተኛ፥ ምስክሮችን ለየብቻ ጠይቆ ቃላቸውን እርስ በርሱና ከተጻፈው ጋራ ማስተያየት ይገባል። ጃን ቫንሲና በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ የአፍሪካን የቃል ታሪክ እንደ ጽሑፍ ሁሉ መርምሮ መቀበል እንደሚቻል አሳይቷል። በአገራችንም እማኝ ቈጥሮ፥ የእማኞችን ቃል አመሳክሮ መፍረድ የቈየ ልማድ ስለ ሆነ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ለዚህ ሥራ የቀረው ጊዜ ግን ረጅም አይደለም። የአራዳን ገበያ ከመነሣቱ በፊት ሥራ ብሎ ያየው ትውልድ አልፏል። በ1966 ዓ.ም. 20 ዓመት ሞልቶት በመርካቶ ሸክም ይሸከም የነበረ ወጣት ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአትክልት ተራ ነጋዴዎችም ከስፍራቸው ከተነሡ ወዲህ በየቀኑ ትዝታቸውን ያድስላቸው የነበረው መንገድና ጎረቤት አብሯቸው የለም። መርሳት በመጀመሪያው ዘመን እንደሚፈጥን ደግሞ አይተናል። ስለዚህ ባልንጀሮቻችን ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲመርጡ ይህን ስፍራ እንዲያስቡት፥ መምህራንም የቃል ምስክርነትን አሰባሰብ ከመዝገብ ምርመራ ጋራ አጣምረው እንዲያስተምሩልን እናሳስባለን። በቃል ያለው በመጽሐፍ እስኪገባ ድረስ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋልና።